አፈር የማይሹ ዕፀዋትና አጠባበቃቸው

በዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ «ተቀጽላ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ስሙም ከተጠራ በኋላ ፍርዱ አይዘገይም፤ «ዛፉን ይበላዋልና ይነቀል» ይባላል። ቃሉን መርምረን ያየነው እንደ ሆነ ግን የነቀፋ ቃል ሆኖ አናገኘውም። በግእዝ ቀጸላ ማለት አክሊል፣ የራስ ጌጥ ማለት ነው፤ ተቀጸለ ሲልም አክሊል ደፋ፣ ተቀዳጀ ማለት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ቅጽልም ከዚሁ ወገን የወጣ ነው፤ ቅጽል ስምን ያስጌጠዋል እንጂ አይበላውም። አባቶቻችን በዛፍ ላይ የወጣውን ተክል በዚህ ቃል ሲጠሩት ዛፉን አክሊል እንደ ደፋ አድርገው ያዩት ይመስለናል።

ይኸን የሰዋስው ነገር ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። በዛፍ ላይ ከሚኖሩት ዕፀዋት መካከል በእውነት ከዛፉ ውኃና ምግብ የሚመጡ አሉ፤ የሚበዙት ግን ከዛፉ ማደሪያ እንጂ ቀለብ የማይሹ እንግዶች ናቸው። ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ መጥረቢያ መፍረድ በየግቢው የቀረውን ሽማግሌ ዛፍ ያለ ጥፋቱ ያስቈርጠዋል። ስለዚህ እነዚህ አፈር የማይሹ ዕፀዋት እንዴት እንደሚኖሩ፣ ከሌባው በምን እንደሚለዩ፣ በአዲስ አበባ የሚኖር ቤተ ሰብም በደጁ እንዴት ሊያሳድጋቸው እንደሚችል በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን እንጽፋለን።

አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ተክል ምን ይበላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል፤ ይኸንንማ አረንጓዴ ቅጠል ያለው ተክል ሁሉ ያደርገዋል። ውኃውን ከዝናብ፣ ከጉምና ከጤዛ ይቀበላል። ሌላው ተክል ከአፈር የሚያገኘውን ማዕድን ደግሞ ነፋስ ከሚያመጣው አቧራ፣ በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ከሚበሰብሰው ቅጠል፣ ከወፎችም ኩስ ይለቅማል። ሥር አለው፤ ሥሩ ግን ቅርፊቱን የሚጨብጥ እጅ ነው፤ ወደ እንጨቱ ሰርጎ አይገባም። ሊቃውንት ለዚህ ወገን ያወጡለት ስም ከጽርዕ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «ኤፒፊት» ይሉታል፤ በተክል ላይ ያለ ተክል ማለት ነው።

የአገራችን ሀብት በዚህ በኩል ትንሽ አይደለም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች ባሳተሙት መጽሐፍ ከ150 የሚበልጡ ዐይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነርሱም ከፊሎቹ በምድር፣ ከፊሎቹ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። በዛፍ ላይ ከሚኖሩት አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባለው ነው። ይኸን ተክል ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስለ ሐበሻ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከአገራችን በተወሰደ ናሙና ገልጾታል። አበባው ነጭ ነው፤ ቅርጹም ኮከብ ይመስላል። ከአበባውም ጀርባ ከ12 እስከ 20 ሳንቲሜትር የሚረዝም እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ይወርዳል፤ ማሩ ያለው በዚህ ቱቦ ጫፍ ነው። ቀን ብታሸቱት ይህን ያህል አይሸትም፤ መሽቶ ሲጨልም ግን ሽታው ይነሣል፤ ምላሰ ረጅም የሆነው የሌሊት የእሳት ራት በሽታው ተመርቶ ይመጣል። ኤራንጊስ የሚለውን ስም ያወጡት አየርና ዕቃ ከሚሉት ሁለት የጽርዕ ቃላት ነው። የኛም «አየር» ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ስለ ሆነ፣ የግእዝ ተማሪ ይኸን ስም ለማጥናት አይቸገርም።

የኦርኪዱ ሥር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ ነው። ዙሪያውን እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጥ ነጭ ልባስ አለው፤ ዝናብ ሲነካው ይጠጣና ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ብርማ ነጭነቱ ይመለሳል። ይኸን ምልክት ያዙልን፤ ኋላ ስለ ውኃ ማጠጣት ስንናገር ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ወገን ፈርን ነው። በደጋው ዛፎች ላይ የሚኖሩ ቅጠለ ቀጫጭን ፈርኖች በበጋ ቅጠላቸውን ጠቅልለው፣ ጠውልገውና ቡናማ መስለው ይቈያሉ። ያላወቀ ሰው ሞተዋል ብሎ ይፍቃቸዋል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ ግን ያ የደረቀ የመሰለው ቅጠል በጥቂት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ ይለመልማል።

ሦስተኛው በጥድና በኮሶ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ነው። ይህስ በትክክል ከተነጋገርን ተክል እንኳ አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ የሚባሉ ሁለት ፍጥረታት በአንድ ጎጆ የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በመናገሻ ሱባ ደን፣ ጥበቃውን ትውፊት ወደ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሚያደርሰው በዚያ ጥንታዊ ደን፣ ይኸን ጢም እንደ ልብ ማየት ይቻላል። በጭስ በተሞላ መንገድ ዳር ግን ብርቅ ነው። ምክንያቱም ሽበቱ የዝናብ ውኃና አየር ያመጡለትን ሁሉ ሳያጣራ ስለሚጠጣ፣ ከጭስ ጋር የሚወጣው መርዝ ፈጥኖ ይገድለዋል። ኒላንደር የተባለው የፊንላንድ ሊቅ በ1866 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በፓሪስ ሉክሳምቡር በተባለው የአትክልት ሥፍራ ያሉትን ሽበቶች ካጠና በኋላ፣ የከተማ አየር መበላሸቱን በእነርሱ መለካት እንደሚቻል ጽፏል። የደብረ ዘይት መንገድ የመኪና ጭስ የሚያስላችሁ የላንቻ ነዋሪዎች ሆይ፣ በግቢያችሁ ዛፍ ላይ ይህ ጢም የበቀለ እንደ ሆነ አትፋቁት፤ አየራችሁ ገና እንዳልጠፋ የሚመሰክርላችሁ እርሱ ነው።

ላንቻን ያነሣነው በዚያው ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ያየነውን ለመንገር ነው። በግቢው አምስት ቤተ ሰብ ይኖራሉ። በመካከሉም ከሁሉም ቤቶች በዕድሜ የሚበልጥ ወይራ አለ። ጫፉ መድረቅ ስለ ጀመረ ነዋሪዎቹ ለቈራጭ የሚከፈል ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ከነዋሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት እናት «መምህር፣ ይህ ዛፍ እኮ በተቀጽላ ተበልቶ አልቋል፤ በልጆቹ ላይ ሳይወድቅ ይውረድ ብለናል» አሉን። እኛም «እማማ፣ ይፍቀዱልንና በፊት ወጥተን እንየው» አልናቸው። መሰላል ቀርቦ አንድ ጎበዝ ልጅ ወጣ። ግንዱንና የታች ቅርንጫፎቹን የሸፈነው ፈርንና እንደ ስጋጃ የተነጠፈ አረንጓዴ ሽበት ነበር፤ በጣት ሲነሣ ቅርፊቱን ሳይጐዳ ይነሣል። በላይ ግን በሁለት ቅርንጫፎች ላይ ቅጠሉ ከወይራ ቅጠል የተለየ፣ ቀይ አበባ ያለው ቍጥቋጦ ተገኘ። ሌባው እርሱ ነበር። የዛፉ ዋና ሕመም ግን ከላይ አልነበረም። ግቢው ጭቃ እንዳይሆን ተብሎ ከሦስት ዓመት በፊት እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ተለብጦ ነበር፤ ሥሩ ውኃም አየርም አጥቷል። ሁለቱ ቅርንጫፎች ከነቍጥቋጧቸው ተቈረጡ፤ ሲሚንቶውም በግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ተሰብሮ ተነሣ። የደረቀው ጫፍ ደርቆ ቀርቷል፤ ከበታቹ ግን በተከታዩ ክረምት አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። ሲሚንቶው ለሠራው ጥፋት ፈርኑ ሊቀጣ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ መለያውን እንናገር። በዛፉ ላይ ያለው ተክል ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ተመልከቱ። ሌባው ተቀጽላ ከተጣበቀበት ቦታ ላይ ቅርንጫፉ እንደ ዕጢ አብጦ ይታያል፤ ሥሩ እንደ ሽብልቅ ወደ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ የዛፉን ውኃ ይስባል፤ ብትጐትቱትም እንጨቱን ይዞ ይሰበራል እንጂ አይነሣም። ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት በጋ እርሱ ለምልሞ ቢታይ ሁለተኛ ማስረጃ ይሆናችኋል። ፍሬው የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ወፍ በልታው ምንቃሯን በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ስትጠርግ ወይም ስትኵስ ዘሩ እዚያው ተጣብቆ ይበቅላል። መድኃኒቱ ቍጥቋጦውን መልጦ መተው ሳይሆን ቅርንጫፉን ካበጠው ቦታ በታች በመጋዝ መቍረጥ ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረ ሥር እንደ ገና ያቈጠቍጣልና። ይህም ሆኖ ተቀጽላ በጥቂቱ ሲሆን ለወፎች ቀለብ ነው፤ በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ አንዲት ቍጥቋጦ ስላየን መጋዝ ማንሣት አያሻንም።

በእንግዳና በሌባ መካከል ደግሞ ሌላ ጠባይ ያላቸው አሉ። ችብሃ በወፍ ኩስ ተጥሎ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅልና ሥሩን እንደ ገመድ ወደ መሬት ይለቃል፤ ሥሩ መሬት ከነካ በኋላ እየወፈረ አስተናጋጁን ዛፍ አንቆ፣ ብርሃኑንም ከልክሎ በቦታው ይቆማል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት የሚሆን ይሉታል እንዲህ ያለውን። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ያለው ገተማም አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ ተወልዶ ሥሩን ወደ ምድር የሚያወርድ ነው፤ ይሁን እንጂ የዚያ አገር ሰዎች አይጠሉትም፤ ዝነኛውን ነጭ ማር ንቦች የሚሠሩት ከአበባው ነውና።

እንግዶቹ ሁሉ የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ያረጀ ቅርፊት ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ሲያረጁ ቅርፊታቸው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ አቧራና ቅጠል ይከማቻል፤ ዘሩም እዚያ ያርፋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ስለሚጥል፣ አንድ ፈርን መጨበጥ ሲጀምር ምንጣፉ ከበታቹ ይወሰድበታል። የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ የተመለከታችሁ እንደ ሆነ ልዩነቱን በዐይናችሁ ታያላችሁ። አዲስ የተተከለ ችግኝም ለስላሳ ነው፤ እንግዳ ለመቀበል ብዙ ዐሥር ዓመታት ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሥፍራ በተዛወረ ጊዜ፣ በየመንገዱ የተተከለውን ችግኝ እያየን ያሰብነው ይኸንኑ ነበር። ችግኙ ያድጋል፤ ጥላም ይሰጣል፤ ነገር ግን የስድሳና የሰማንያ ዓመት ቅርፊት በአንድ ክረምት አይተከልም። ስለዚህ በቂርቆስም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ በግቢው ያረጀ አገር በቀል ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን ለመጣል ከመወሰኑ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።

የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ለዚህ ወገን ትልቅ መጠጊያ ሆኖ ቈይቷል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው በ2007 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ከእርሳቸውም ጋር በዛፍ ጫፍ ላይ ያለውን ሕይወት በማጥናት የታወቀችው አሜሪካዊት ማርጋሬት ሎማን ተባብራ፣ ከብት እንዳይገባ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረድታለች። በቡና ምድር ደግሞ ኪተሳ ሁንዴራና ባልደረቦቹ በ2013 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ደኑ ሲቈራረስም፣ ለቡና ሲባል ሲመነጠርም በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች ዐይነታቸው እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ከዚህ የተነሣ አስቀድመን አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ኦርኪድ ከደን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነቅሎ ማምጣት አይገባም። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በውስጡ ስንቅ ስለሌለው በቅርፊቱ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ካልተገናኘ አይበቅልም። በከተማ ግድግዳ ላይ ከነምኞታችሁ ብትሰቅሉት፣ አበባ ቢሰጥም እንኳ ልጅ አያፈራም፤ ከደኑ ግን አንድ እናት ጐድላለች። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. የገባችበት ስለ ብርቅ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ኦርኪዶችን በሙሉ ይመለከታል።

ታዲያ ምን እናሳድግ? ነፋስ የጣለው ወይም በሕንፃ ሥራ ምክንያት የተቈረጠ ዛፍ ባለበት ሁሉ ቅርንጫፉ ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት ተመልከቱት። ፈርን ያለበትን አንድ ክንድ ያህል ጉማጅ ከነቅርፊቱና ከነሽበቱ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ተክሉን ከእንጨቱ አታላቅቁት፤ ጉማጁን እንዳለ ከታዛው በታች በሽቦ ሳይሆን በቃጫ ገመድ አንጠልጥሉት። ቅርፊቱ በበሰበሰ ጊዜ ብቻ፣ ፈርኑን ከነሽበቱ ወደ ሌላ የወይራ ወይም የጥድ ቅርፊት አዛውራችሁ በቃጫ ወይም በአሮጌ ናይለን ካልሲ ቍራጭ እሰሩት።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያመጡት ሌላው ተክል ቲላንድሲያ ነው፤ ይኸውም የአናናስ ዘመድ ሲሆን የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። አንዱ ዐይነት የኛን የዛፍ ሽበት ስለሚመስል ስሙን ከእርሱ ወስዷል፤ ሉዊዚያናና ፍሎሪዳ ውስጥ ቀድሞ ለፍራሽና ለመኪና ወንበር መሙያ ይሸጥ ነበር። ስዊድናዊው ሊኔዎስ ይኸን ወገን የሰየመው ኤልያስ ቲላንድስ በተባለ የዕፀዋት ሊቅ ስም ነው፤ ምክንያቱም ሰውዬው በመርከብ ሲሄድ ባሕር አጥወልውሎት በመመለሻው በየብስ ዞሮ ስለ ሄደ፣ ተክሉም እንደ እርሱ ውኃ የሚጠላ መስሎት ነው ይባላል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ቲላንድሲያ ውኃ ይወዳል፤ የሚጠላው ረጥቦ መዋልን ነው። ከውጭ የሚያመጣው ሰው ተክሉን የጤና ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት አስይዞ ያስገባው፤ ከቅጠሉ ጋር የሚገባ ተባይ ለገበሬው ዕዳ ነውና።

ላንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ፀሐዩ ብርቱ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቱም ብርዳም ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ የመለሰ ግድግዳ ይሻላል፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ካገኘ በኋላ ጥላ ይሁንለት። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ጠዋት አጠጡት። ቲላንድሲያን በሳፋ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክራችሁ፣ አውጥታችሁ፣ ውኃው ከቅጠሎቹ መካከል እንዲፈስ ዘቅዝቃችሁ አንጠፍጥፉት። በማታ አታርጥቡት፤ ይህ ተክል ከሌሎቹ በተለየ ቀዳዳውን የሚከፍተውና አየር የሚስበው ሌሊት ስለ ሆነ፣ ረጥቦ ካደረ ይታፈናል፤ በብርድም ይጐዳል። ኦርኪድን በሕጋዊ መንገድ ከአትክልተኛ የገዛ ሰው ደግሞ የሥሩን ቀለም ይይ፤ ብርማ ከሆነ ተጠምቷል፤ አረንጓዴ ከሆነ ይታገሥ።

ውኃውን በሚመለከት የቧንቧው ውኃ በሳፋ ካደረ በኋላ ይሆናል፤ የዝናብ ውኃ ግን ይመረጣል። ነገር ግን ከአዲስ ቆርቆሮ ጣራ በአሸንዳ የወረደውን አትጠቀሙ፤ የቆርቆሮው ልባስ ዚንክ ስለ ሆነ ለቲላንድሲያ ጥሩ አይደለም። የመዳብ ሽቦማ ፈጽሞ አይነካው፤ መዳብ ይገድለዋል። ለዝናብ ውኃ አንድ ሳፋ ግቢው መካከል ገላጣ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ክረምቱ ለፈርኑ ደስታው ነው፤ እርሱን ከታዛው አውጥታችሁ ወደ ዝናቡ ልትሰቅሉት ትችላላችሁ። ቲላንድሲያውን ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከታዛው ሥር አታውጡት፤ ጫፉም ወደ ጐን ወይም ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን፤ ውኃ በልቡ ላይ ከቈመ ከመካከሉ ይበሰብሳል። ከጠፈጠፉም ጥቂት ራቅ ይበል። በቃጫ የታሰረው ፈርን እንጨቱን በራሱ ሥር ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክረምት ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ቈርጣችሁ አውጡት።